የሂላ ዎልበርት ሃያ ሦስት ደጆች

ሂላ ዎልበርት በትዌንተ አውራጃ፣ በሽመና ፋብሪካ ውስጥ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል የኖረች ሴት ናት። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ በብስክሌቷ እየዞረች የሶሻሊስት ሠራተኞቹን የሬዲዮ ማኅበር መጽሔት ታድል ነበር። እሷም፣ መጽሔቱን የሚቀበሏት ሃያ ሦስት ቤቶችም ካቶሊኮች ናቸው። ካቶሊክ የራሱ ሬዲዮ አለው። ቅዳሜ ማታ የሚያስቃቸው ግን የሠራተኞቹ ነበር።

በፈረንጆች 1954 ዓ.ም. ጳጳሳቱ ደብዳቤ አወጡ፤ የሠራተኞቹን ሬዲዮ አዘውትሮ የሰማ እንዳይቆርብ ከለከሉ። የሂላ ልጅ ሪኪ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቆርበው በሚቀጥለው እሑድ ነበር። ሰኞ ዕለት ቄሱ መጡ።

«ሂላ፣ ልጄ፣ ከሪኪ ጎን መቁረብ ትፈልጊያለሽ?»

«እንዴታ፣ አባ!»

«እንግዲያው መጽሔቱን የሚቀበሉሽን ሰዎች ስም ንገሪኝ።»

«የራሴን ኃጢአት እናዘዛለሁ። የሰው አላውቅም።»

«በየሳምንቱ ደጃቸው ቆመሽ?»

«የማየው ደጁን ነው፣ አባ።»

ቄሱ ቡናቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

እዚህ አገር መጋረጃ የሚዘጋ ሰው የለም፤ የዘጋ የሚደብቀው ነገር አለው ይባላል። ፈሪዎቹ ጎረቤቶቿ ግን ቅዳሜ ማታ በአንድ ሰዓት፣ የሰኔ ፀሐይ ገና ጣሪያ ላይ ሳለች፣ ሬዲዮውን ከፍተው መጋረጃቸውን ግጥም አደረጉ። ቄሱ ማስታወሻ ደብተራቸውን ይዘው በመንገዱ ዝግ ብለው አለፉ። የቤት ቁጥር መጻፍ ብቻ ነበር ሥራቸው።

እሑድ ሪኪ ቆረበች። ሂላም አጠገቧ ተንበርክካ አፏን ከፍታ ጠበቀች፤ ቄሱ ዘለሏት። ከዚያ ሌሎች አሥራ አራት ሰዎችን ዘለሉ።

ከተዘለሉት አንዷ የጎረቤቷ የዶርቸ ቁጣ እስከ ደጀ ሰላሙ እንኳ አልጠበቀም።

«አንቺ እባብ! አሳልፈሽ ሰጠሽን!»

«እኔንም እኮ ዘለሉኝ፣ ዶርቸ።»

«እንዳይነቃብሽ ነዋ! ከቄሱ ጋር ተማክራችሁ ነው!»

«በጠራራ ፀሐይ የዘጋሽውን መጋረጃ ጠይቂው።»

ዶርቸ መለሰች እንዳልል፣ የመለሰችው ምራቋን እንትፍ ብላ ነው። ቄሱን የተናገረ ግን አልነበረም። ሰው የሚደፍረው በእጁ የሚደርስበትን ነው።

ሐሙስ ሲደርስ ሂላ መጽሔቱን ይዛ ወጣች። ሃያ አንዱ ቤት በሩን አልከፈተም። ለቀሩት ሁለቱ አሥራ አንድ ዓመት፣ በዝናብም በበረዶም፣ አደለች። በእነዚያ ዓመታት አንድም ቀን አልቆረበችም፤ ቅዳሴም አላስታጎለችም።

በ1965 ጳጳሳቱ ክልከላቸውን በጥቂት ቃላት አነሡ። በእሑዱ ሂላ ሄዳ ተንበረከከች። ዶርቸ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ቄሱም ሌላ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነች አያውቃትም። ቆረበች።

ይህን «ዕርቅ ነው» የሚሉኝ አሉ። ዕርቅ «በድለንሻል» ይላል። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ፤ ይህን ቃል ሲል የሰማሁት ሰው የለም።