የአባ ሂንቀቡ ድልድይ

ጅማ፣ አዌቱ ወንዝ ላይ ካለችው የእግረኛ ድልድያችን አጠገብ ሰሞኑን ሰሌዳ ተተክሏል፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። «ታሪካዊው የአባ ሂንቀቡ ድልድይ» ይላል። ሳቄም ንዴቴም እኩል መጡ።

በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ኦሮምኛ የማይሰማ አንድ ካድሬ ከአዲስ አበባ ተላከልን። የድልድይዋን ሳንቃ በየክረምቱ የሚጠግኑትን ጎረቤታችንን ሐጂን «የዚህ ድልድይ ባለቤት ማነው?» ብሎ አፈጠጠባቸው።

«አባ ሂንቀቡ» አሉት በኦሮምኛ። ባለቤት የለውም ማለታቸው ነው። ጅሉ የሰው ስም መስሎት ጻፈው።

በሳምንቱ ስብሰባ ጠርቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «ድልድዩ ከአድኃሪው ባላባት ከአባ ሂንቀቡ ተወርሷል!» ብሎ አወጀ። አጨበጨብንለት። ከዚያ አብዮት ጠባቂዎቹ ጠመንጃ አንግተው ባላባቱን ፍለጋ ቤት ለቤት ይዞሩ ጀመር።

«ለምን አይነግሯቸውም?» አልኳቸው ሐጂን።

«ዝም በይ ልጄ» አሉኝ፣ ከአፋቸው ምስማር እያወጡ። «ወላሂ፣ እሱን እስኪያገኙት ድረስ እኛን ይተዉናል።»

ዛሬ ሰሌዳው ሥር ከረባት ያሰረ ሹም ለእንግዶች ያስረዳል። «አባ ሂንቀቡ ደግ ባላባት ነበሩ» ይላል። እንግዶቹም ያጨበጭባሉ። ሳንቃዋ ግን ሐጂ ከሞቱ ወዲህ ምስማር አላየችም።