የወሊዩ ግራር ፍሬ

ሰማኸው ያን ጆንያ? ሲወዘወዝ ሽክሽክ የሚለውን? የግራር ፍሬ ነው። ልጄ ለፍየሎቿ ከሸዋ ሮቢት ገበያ ይዛው ትመጣለች። ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ይመጡብኛል።

ጣልያን መንገዱ ዳር የሰፈረ ጊዜ ነው። ባለቤቴ ዱር ከገባ ከርሟል፤ ለአማቴ አንድ ልጃቸው ነው። እኔ አራስ ነኝ፤ ወባ አንቀጥቅጦኝ ጡቴ ደርቋል። ልጄን ያቆያት የአንዲት ፍየል ወተት ነበር። ያን ሰሞን ከጦር ሰፈሩ "ከብት ወደ ጫካ እንዳይወጣ፣ ሽፍታ ትቀልባላችሁ" የሚል ትእዛዝ መጣ። የሜዳውን ግራርማ ለመንገድ ሥራቸው ጨፍጭፈውታል። ፍየሏን በራፍ ላይ አስረን፣ ለዕቃ ማጠቢያ የተከልነውን ግራዋ አበላናት። ምን ይደረግ!

ልጄ ወተቱን ተፋችው። ጎረቤቱ ሁሉ "ዓይን ነው፣ ቁርኣን አስቀሩላት" አለን። አስቀራን፤ ሼኹ መጥተው አነበቡላት። አሁንም ተፋችው፤ ለቅሶዋ እንኳ ቀጠነ። አማቴ ወተቱን መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ላሱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

"የምን ዓይን! እሬት እሬት ይላል። ፍየሏ የበላችውን ነው የሰጠችን።"

ፍሬ ያለው ግራር የቀረው መንደሩ እንደ ቅዱስ በሚያከብራቸው በወሊዩ መቃብር ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ ዛፍ እንኳን ቅርንጫፍ ሊቆረጥ፣ የወደቀ ፍሬ አይነሳም። ያነሳ ሰው ከቤቱ አንድ ነፍስ ይጎድልበታል ይባላል። አማቴ ደግሞ ሶላት የማያጓድሉ ሰው ናቸው።

"እማማ፣ ይቅርብን፤ ዱር ያለውን ያስቡት" አልኳቸው።

"አስቤዋለሁ" አሉኝ። "ይቺ ግን ዓይኔ እያየ እየሄደችብኝ ነው።"

ቢስሚላህ ብለው ወጡ፤ ፍሬውን በነጠላቸው ቋጥረው ተመለሱ። ፍየሏ በግራዋው ፈንታ እየቆረጠመች ጨረሰችው። ከቀናት በኋላ ቀመስኩት፤ ወተቱ ጣፍጧል። ልጄ ጠጣች። ጠጥታ ስታገሳ አማቴ በሳቅ ፈረሱ፤ እኔ አልሐምዱሊላህ ብዬ አለቀስኩ።

ጣልያን ወጣ፤ ዱር የነበሩት ገቡ። ባለቤቴ አልመጣም።

ስለ ዛፉ አማቴ አላነሱም፣ እኔም አልጠየቅኋቸው። ሰው እኮ በጦርነት ይሞታል፤ ዛፍ አልገደለውም። እንዲህ እላለሁ፣ ግን እሳቸው ምን እንደሚሉ አላውቅም ነበር። ሊሞቱ ሲሉ እጄን ያዝ አደረጉና "ያን ፍሬ ባላነሳው ኖሮ ልጄ ይመጣ ነበር?" አሉኝ።

ልጄን ጠርቼ አጠገባቸው አስቀመጥኳት። ትልቅ ልጃገረድ ሆናለች። ፊቷን በእጃቸው ዳሰሱት።

"ጠጥታ ነበር አይደል?" አሉ።

"ጠጥታለች፣ እማማ።"

"እንግዲያስ ዛሬም ቢሆን አነሳዋለሁ" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።