የጆሮው ሚስት

በዚያ ሰፈር አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ «ጆሮው» የሚሉትን መካኒክ ያውቃል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚጠራው ከጠፋ ቆይቷል። ሌላው መካኒክ የሞተር እሳት ለማስተካከል ብልጭ ብልጭ የሚል መብራት ገዝቶ ሲደገፍ፣ እሱ ኮፈኑን ገልብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያዳምጥ ነበር። እሳት ማስተካከል ማለት ካንዴላው ብልጭ የሚልበትን ቅጽበት ልክ ማስያዝ ነው። እሳቱ ከቀደመ ሞተሩ ጠጠር እንደተጨመረበት ቆርቆሮ ይንኳኳል፤ ከዘገየ ደግሞ ይከብደዋል፣ ይግላል፣ በጭስ ማውጫው ያስነጥሳል። ሥራው ሲያዩት ከሥራ የሚቆጠር አይመስልም። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር፣ ብሎኑን ላላ አድርጎ፣ እንደ ማሰሮ ክዳን ጨበጥ አድርጎ፣ የጥፍር ያህል ወዲህ ወይ ወዲያ ማዞር ነው፤ በቃ። ያቺን የጥፍር ያህል ግን ጆሮው ያገኛት ነበር።

ያገኛት ነበር፤ ኋላ ላይ ግን ጠፋችበት። መጥፋቷን ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሚስቱ የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ከጋራዡ ጀርባ ወዳሉት ሁለት ክፍሎች የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጠዋት፣ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮዋ ላይ ለጠፈላትና «ይሰማሻል?» አላት። ሰማች። አራት ሰዎች ተራ ገብተው በር የሚያንኳኩ ይመስል፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር ለብቻው ሲመታ ሰማችው። ሳቀች። እሱም ሳቀ። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ ደግ ቀን ብላ የምትቆጥረው ያን ነው፤ እሱም ቢሆን እስከ ምሳ ድረስ ነው የቆየው። ምሳ ዘገየ ብሎ ሳህኑን ከነምግቡ ግቢው መሃል ወርውሮታል።

ከዚያ ወዲህ ሾፌር ወንበር ላይ አስቀመጣት። እሱ ከፊት ሆኖ ሲያዳምጥ ነዳጅ የሚረግጥለት ሰው ይፈልጋል። «ጫኚ!» ሲላት ትጫናለች፤ «ልቀቂ!» ሲላት ትለቃለች። «ካንቺ የምፈልገው እግርሽን ብቻ ነው» ይላታል፤ ደንበኛ ከቆመ ደግሞ «ከወገብ በላይ ያለው ትርፍ ዕቃ ነው» ብሎ ይጨምርበታል። ፔዳል የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው። ደንበኞቹ ሳቁ፤ እዚያው ግቢ ውስጥ የተጋጨ መኪና ቆርቆሮ የሚያቃናው ቀጥቃጭ ሳቀ፤ ስሙም ጸና። ሴት ልጇ እንኳ አፏን በፈታችበት ሰሞን «እማ ፔዳል» ብላ ስትጠራት፣ አባትየው በደስታ ወደ ላይ እየወረወረ ቀልቧታል።

ልብስ ሰፊው አባቷ የሞተ ዕለት ሚስትየው መሪው ላይ ነበረች። ወንድሟ እያለቀሰ መጥቶ ጋራዡ በር ላይ መርዶውን ነገራት። ልትወርድ በሩን ስትከፍት ጆሮው ከሞተሩ ቀና እንኳ ሳይል፣ «የሞተ ሰው አይቸኩልም፤ ጫኚ» አላት። ተጫነች። እንባዋ በአገጯ እየወረደ ሃያ ደቂቃ ያህል ስትጫን ስትለቅ ቆየች፤ ወንድሟ ደጅ ቆሞ ጠበቃት። የዚያን ሞተር ድምፅ ዛሬም ታስታውሰዋለች፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነበር፣ ሦስተኛው እየዘለለ ይመታ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ማንም ሳያስተምራት፣ እሷም ልማር ሳትል፣ ሞተር የሚናገረውን ለየች።

የእሱ መስሚያ የተደፈነው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ መጮህ አበዛ። ቀጥሎ ስልክ ማንሳት ተወ። ከዚያ አስተካክሎ የሸኘው መኪና በሦስተኛው ቀን እየተንኳኳ ተመለሰ። «ይቺ ናት እግሯን አላረጋ ብላ ያሳሳተችኝ» አለ ባለመኪናው ፊት። ሌላም ተመለሰ፤ እንደዚያው አለ። እሷ ነገሩ ከንክኗት፣ ምሳ እየበላ ሳለ ከጀርባው ቆማ የድስት ክዳን ሲሚንቶው ላይ ለቀቀች። የጎረቤት ውሻ ደንግጦ ጮኸ። እሱ ማኘኩን አላቋረጠም።

በማግስቱ አንድ የድሮ መኪና ላይ ሲሠራ ጣቱ ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ሲዋልል አየችው። የእነዚያ ዕድሜ ጠገብ መኪኖች ኮፈን እንደ ክንፍ ከጎንና ከጎን ስለሚነሳ በፊት መስተዋቱ በኩል ፊት ለፊት ይተያያሉ። ፊቱ ላይ ፍርሃት ነበር። በትዳራቸው አይታው የማታውቀው ፍርሃት። ለምን እንዳደረገችው ራሷም አታውቅም፤ የቀኝ እጇን አመልካች ጣት መሪው ላይ ቀና አደረገች። እሱም እሳቱን ወደማስቀደሙ ዞር አደረገው። የግራዋን ጣት አነሳች፤ ትንሽ መለሰው። ሞተሩ ጉሮሮውን እንደጠረገ ሰው ድምፁ ጥርት ሲል እጇን ጨበጠች፤ ብሎኑን አጠበቀ። ቀኝ ማስቀደም፣ ግራ ማዘግየት፣ ጭብጥ በቃ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠሩ፤ አንድም ቀን ስለ ነገሩ ተነጋግረው አያውቁም።

ሰው ሲረዱት ልቡ ይራራል የሚል ካለ ጆሮውን አያውቀውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሰበት። መኪናው አምሮበት ሲዞር የጆሮ ግንዱን መታ መታ እያደረገ «ይሄ እግዜር የሰጠኝ ነው» ይላል ለደንበኛው፤ ወደ እሷ ዞሮ ደግሞ «ውረጂ፣ የሰው ወንበር አታሙቂ» ይላታል። ስሙ ከበፊቱ ይልቅ ገነነ። ከሩቅ ሳይቀር ይመጡ ጀመር።

ጡረታ የወጣው ፋርማሲስትም ከሩቅ ከመጡት አንዱ ነው። መኪናዋ የአባቱ ነበረች፤ ክሬም ቀለም፣ የፊት መብራቶቿ እንደ እንቁራሪት ዓይን የፈጠጡ። የማስነሻ ሞተሯ ድሮ ተቃጥሎ ምትክ ስላልተገኘላት፣ ከፊት በኩል ማኖቬላ የሚሉት ቆልማማ ብረት ተሰክቶ በእጅ እየተዞረ ነበር የምትነሳው። በማግስቱ ታላቅ እህቱ ሰማንያ ዓመት ይሞላታል፤ አባታቸው በልጅነታቸው እንደሚያደርገው በዚያችው መኪና ሊያንሸራሽራት አስቧል። ጨዋ ሰው ነው። ለትልቁም ለትንሹም ከወገቡ ሰበር ሳይል ሰላም አይልም።

ሞተሩ ተነስቶ ሥራው ሲጀመር ፋርማሲስቱ ከጎን ቆሞ ተመለከተ። የሴትዮዋን ጣት አየ፣ የሰውየውን እጅ አየ፣ መልሶ ጣቷን አየ። ወደ መስኮቱ ጠጋ አለና፣ ክፋት ሳያስብ፣ እንዲያውም አድንቆ፣ «እመቤቴ፣ ለካ የሚሰሙት እርስዎ ነዎት!» አላት።

ክው አለች። ጆሮው የተባለውን አልሰማም፤ ቀጥቃጩ መዶሻውን ጥሎ ሲንከተከት ግን አየ።

«ምንድነው? ምን አለ?»

ቀጥቃጩ ቀልድ ካገኘ የማያሳልፍ ሰው ነው። አፉን ጆሮ ግንዱ ሥር አድርጎ፣ «ጋሼ፣ የምትሰማልህ ሚስትህ ናት ነው የሚሉት!» ብሎ ጮኸበት።

የጆሮው ፊት አመድ መሰለ። ሞተሩን አስጠፋ፤ በሩን ከፍቶ ክንዷን ጨምድዶ አወረዳት።

«ለጌታው ንገሪያቸው። ምንድነሽ አንቺ?»

ክንዷን ለማስለቀቅ ሳበች።

«ምንድነሽ አልኩሽ!»

«ፔዳል ነኝ።»

«አልሰማሁም!»

አለመስማቱ እውነት ነበር። «ፔዳል ነኝ!» አለች ጮክ ብላ። «አሁንም አልሰማሁም!» አላት። በሦስተኛው ጩኸቷ መንገድ ላይ የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ቆም ብለው ወደ ግቢው አዩ። ቀጥቃጩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ፋርማሲስቱ «ኧረ ይተዉ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» እያለ እጁን ያፋትግ ነበር፤ ከቆመበት ግን አልተነቃነቀም።

«እንግዲያው ቦታሽ ግቢ» አላት።

ገባች። ጆሮው ማኖቬላውን አዙሮ ሞተሩን አስነሳ። ተጫነች። እሳቱ ትንሽ ዘግይቶ ነበር፤ ቀኝ ጣቷን አነሳች፣ ዞር አደረገው፣ ድምፁ ጠራ። እዚህ ላይ መጨበጥ ነበረባት። እጇ መሪው ላይ እንደተዘረጋ ቆየ። ጉንጯ አሁንም ይግላል። ከዚያ ቀኝ ጣቷ እንደገና ተነሳ።

ዞር አደረገው። ደግማ አነሳች።

ያ የጠጠር ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ ስስ ብሎ፣ ቀጥሎ ግልጥ ብሎ። ፋርማሲስቱ ራሱን ዘንበል አደረገ፤ እሱ ግን የሚያውቀው መድኃኒት ነው። ቀጥቃጩ ወደ ሥራው ተመልሶ ቆርቆሮውን እየወገረ ነው። አንድ ጊዜ ጨምራ አነሳች፤ ከዚያ ጨበጠች። ጆሮው ብሎኑን ጥርቅም አድርጎ አጠበቀ፤ ሞተሩን አስጠፋ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

እሳቱ አለቅጥ የቀደመ ሞተር በማኖቬላ ሲነሳ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ነዳጁ ይፈነዳና ብረቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ብረቱም የያዘውን እጅ ይዞ ይመለሳል። ለዚህ ነው አዋቂ ሰው አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርጎ፣ ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚስበው። ጆሮውም ዕድሜ ልኩን እንደዚያ ነው ያደረገው። ያን ቀን ግን ደሙ ፈልቷል፣ ሰው ያየዋል፣ ማሳየት አማረው። «ይመልከቱ ጌታው፣ በግማሽ ዙር ነው የምትነሳልዎ» አለና ማኖቬላውን በሙሉ ጭብጡ ጨምድዶ፣ ክብደቱን ሁሉ ወደ ታች ሊጥልበት አቆበቆበ።

«ክፈቺ!» አላት።

ቢያንስ እሳት የሚሰጠውን የሞተር ቁልፍ አለመክፈት ትችል ነበር። ከፈተች።

የተሰማው የደረቅ እንጨት ድምፅ ነው። ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ አውራ ጣቱ ወደማይታጠፍበት ታጥፎ ቀረ። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ የራሱን ጩኸት የማይሰማ ሰው እንደሚጮኸው ጮኸ። ፋርማሲስቱ ካርቶን ቀዶ እጁን አሰረለት። ቀጥቃጩ መኪናውን አምጥቶ ሐኪም ቤት ሊያደርሰው ደግፎ አነሳው። ያኔ ጆሮው ዞር ብሎ አያት፤ ገባው። እንደገባውም እሷ አየች። ምን ይበል? ሚስቴ አሳሳተችኝ ቢል በምን ብለው ይጠይቁታል። «ይቺ የተረገመች አሮጌ!» ብሎ መኪናዋን ሰድቦ ሄደ።

ፋርማሲስቱና እሷ ብቻ ቀሩ። መፍቻ አንስታ ብሎኑን አላላች፤ መጀመሪያ በዓይኗ ገምታ ወደ ነበረበት መለሰችው። አውራ ጣቱን እንዴት እንደሚያደርግ አሳይታ ማኖቬላውን ለፋርማሲስቱ ሰጠችው። አንዴ ሲስበው መኪናዋ ተነሳች። ከዚያ ፔዳሉን እንዲረግጥላት አደረገችና በራሷ ጣት ያቺን የጥፍር ያህል አገኘቻት። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም።

ሰውየው ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ አጠገቧ መጣ።

«ያውቁ ነበር?» አላት።

«አዎ።»

«እያወቁ ቁልፉን ከፈቱ?»

«ከፈትኩ።»

ለሁሉም ከወገቡ ሰበር የሚለው ሰው ሳይሰናበታት መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ፤ ዳግመኛም አልመጣም።

የጆሮው ክንድ ጠሞ ገጠመ። መፍቻ መጨበጥ ቀርቶ ማንኪያ የሚይዘው በግራው ነው። እሷ ቱታውን አሳጥራ ሰፍታ ለብሳ ሦስት ሳምንት ጋራዡ በር ላይ ቆመች። ደንበኞች መጡ። «ጆሮው የለም?» ይላሉ። «እኔ አስተካክልልሃለሁ» ስትል አንዳንዱ ይስቃል፤ ሌላው «ተዪው እትዬ፣ ሲሻለው እመጣለሁ» ብሎ ይዞራል። አንዱማ መኪናውን አስነስቶ ከወጣ በኋላ «ፔዳል ራሷ ልንዳ አለች!» ሲል ሰማችው። ጆሮዋ ጤነኛ ነው። በአራተኛው ሳምንት ጋራዡን ለቀጥቃጩ አከራዩት።

አሁን ሁለቱ ክፍሎች ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ታጥበዋለች፣ ታበላዋለች፣ ሸሚዙን ትቆልፍለታለች። ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም። ብቻ ስታናግረው ፊቷን አዙራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። «ምን አልሽ?» ይላታል። አትደግምለትም። እጇን ትታጠብና ወደ ሌላው ክፍል ትገባለች።

ልጃቸው አንድ ቀን መጥታ ይህን ታዘበች። «እማ፣ እንዲህ ስታወሪ እኮ አይሰማሽም» አለቻት። «ያው ለምዶታል» አለች እናት። በሚቀጥለው ስትመጣ ልጅቷ የመስሚያ መሣሪያ ገዝታ አመጣችለት፤ የባቄላ ፍሬ የምታህል፣ ጆሮ ላይ የምትንጠለጠል። ሲያደርጋት የቀጥቃጩ መዶሻ ሰተት ብሎ ገባለትና ያ ሰው፣ ያ ድንጋይ፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ዐሥር ቀን ያህል በር ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ሲያዳምጥ ሰነበተ። በዐሥራ አንደኛው ቀን ባትሪው አለቀ። የባትሪዋ ክዳን ከጥፍር ታንሳለች፤ በጠመመ እጅ አትከፈትም። መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ ሚስቱ ዘረጋት።

«ነገ» አለችው።

ልጅቷ ትታቸው የሄደችው ስድስት ባትሪዎች ከነማሸጊያቸው መሳቢያው ውስጥ አሉ። ይህ የሆነው ክረምቱ ሳይገባ ነው፤ አሁን ክረምቱ ወጥቷል። በየጠዋቱ ያቺን ዕቃ መዳፉ ላይ አድርጎ ይዘረጋላታል። እሷም የሸሚዙን የመጨረሻ ቁልፍ ቆልፋ ስታበቃ፣ በዚህ ጊዜ ብቻ ፊቷን ወደ እሱ አዙራ፣ ከንፈሯን አይቶ እንዲረዳት ቀስ አድርጋ፣ «ነገ» ትለዋለች።