የዶዘሯ ጎን

ሞላ በያጁ ፈሪ ነው፤ ይህን ያልሰማ አሶሳ ውስጥ የለም። የጋራዥ ባልደረቦቹ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እያሉ ሲያሾፉበት እሱም አይክድም፤ «ፈሪ ለናቱ» ብሎ ያልፋቸዋል። እናቱን ግን ከወሎ በሰፈራ መኪና ተጭነው በመጡ በዓመቱ ወባ ወስዳበታለች። የቀረችው አንዲት እህቱ የሺሀረግ ናት። እሷም የባምባሲውን ዲሳሳን አገባች፤ ዲሳሳ ደግሞ አዲሱ ክልል ለገጠር መንገድ ያሰማራትን አንዲት አሮጌ ዶዘር ይነዳል።

የዶዘሯ ሞተር የጎን ክዳኖች ከወለቁ ቆይተዋል። ቀርከሃ ስትመነጥር ስባሪው እየገባ ራዲያተሯን ወጋው። የጋራዡ ኃላፊ አቶ ምንያህል ሞላን ጠሩና «በዚህች ባለችን አንዲት ላሜራ ሁለቱንም ጎን ሸፍንልኝ። ደግማ ብትቆም መለዋወጫ የለንም» አሉት።

ሞላ ሊለካ ወደ ምንጣሮው ሄደ። ምነው ባልሄደ! ዶዘሯ በግንባሯ የገፋችው ቀርከሃ ጎብጦ ጎብጦ ድንገት ተፈናጠረና በዲሳሳ ጆሮ ሥር ውልብ ብሎ አለፈ። መቀመጫው ጎኑ ክፍት ነው። ዲሳሳ ሳቀና «ለምጄዋለሁ ጋሼ፣ ጎንበስ እላለሁ» አለው። የሞላ ሐሞት ፈሰሰ። የእህቱ ሆድ ገፍቷል።

ጋራዥ ተመልሶ ላሜራዋን ቆረጠ። የሞተሩን ቀኝ ጎን ሙሉ አድርጎ ሸፈነ፤ የግራውን ግን እስከ ወገቡ አሳጠረና ትራፊውን ከዲሳሳ መቀመጫ ጎን በቡሎን አሰረው። ለአቶ ምንያህል አልተናገረም። ድፍረቱን ከየት አባቱ አምጥቶ ይናገር፣ ቢሮ ሲጠራ እንኳ ከበሩ የማያልፍ ሰው! እሳቸውም ወጥተው አላዩም።

የፈሩት ይደርሳል አይደል የሚባለው? ሳምንት ሳይሞላ ቀርከሃ ባጠረው ክዳን በላይ ገብቶ የናፍጣውን ቱቦ ቆረጠው። የመቀመጫው ላሜራ ጭረት እንኳ አልነበረበትም።

አቶ ምንያህል መጥተው ሲያዩ አልተቆጡም፤ ሞላን ይበልጥ ያስፈራው ይኸው ነው።

«ማን አዘዘህ?»

«እህቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ጌታዬ።»

ኃላፊው የተቆረጠውን ቱቦ አገላብጠው አዩት። «መንገዱ ክረምት ሳይገባ ካልደረሰ ስንቷ ነፍሰ ጡር ቃሬዛ ላይ እንደምትቀር ታውቃለህ? ፍታና ወደ ሞተሩ መልሰው።»

ፈታው። በገዛ እጁ፣ ቡሎኑን አንድ በአንድ። ዲሳሳ አጠገቡ ቆሞ መፍቻ እያቀበለ «አይዞህ ጋሼ» ይለው ነበር። የሚያጽናናው እሱ!

ቱቦው በስንት መከራ ተቀጥሎ ዶዘሯ ሥራ ጀመረች። ምንጣሮው ከከተማው ገና አልራቀም፤ ድምፅዋ የሺሀረግ ደጅ ድረስ ይሰማል። ሞላ በምሳ ሰዓት ጎራ ሲል፣ እህቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስታዳምጥ ያገኛታል።

«ስማት እስቲ ጋሼ፣ ዛሬም አልቆመችም» ትለዋለች። «እሷ እስካጓራች ዲሳሳ ደህና ነው። ልቤ የሚያርፈው በሷ ድምፅ ነው።»

«አዎ» ይላታል። ሞተሩ አሁን ዙሪያውን ተሸፍኗል፤ ነጂው ቢወድቅም ማጓራቱን አይተውም። ሞላ ይህን አይነግራትም። ከጎኗ ቁጭ ብሎ አብሯት ያዳምጣል።