በለቅሶ ቤት የቀላ ዓይን

መጀመሪያ የቀላው የእናቴ ግራ ዓይን ነው። አባቴን አምባ ጊዮርጊስ ቀብረን ለቅሶ ተቀምጠን ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። ባሏ የሞተባት ሴት ዓይን ካልቀላ የማን ሊቀላ ነው? ጎንደር አራዳ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዓይን ለእንጀራዬ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ያም ሆኖ እኔም እንባ መስሎኝ አለፍኩት።

ጠዋት ጠዋት ግን ሽፋሽፍቷ በዓይናር እየተጣበቀ አልገለጥ ይላት ጀመር። ለቅሶ ደራሹ እየገባ ጉንጭ ለጉንጭ ይስማታል። ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ፊቷን ይጠርጉላትና በዚያው ጫፍ የራሳቸውን እንባ ያብሳሉ። ክፋት የለበትም፣ ፍቅር ነው። ሳምንቱ ሳያልቅ የእናቴ ታናሽ እህት አክስቴ ጥሩወርቅም፣ ጎረቤታችን አያ ፈንቴም ዓይናቸው ደም መሰለ።

አክስቴ ምች ነው አለች። ዳማከሴ አሽታ ጭማቂውን በእናቴ ግራ ዓይን ጠብ አደረገችው። እናቴ ጮኸች። ከዚያ ወዲያ ብርሃን ጠላች። ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ግድግዳ ዞረች። ብሌኗ ላይ ነጭ ነጥብ ወጣ። ፈራሁ።

ለቅሶው ሳይነሳ የሐዘኑ ባለቤት ከቤት መውጣቷ ነውር ነበር።

“ምነው ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?” አለችኝ አክስቴ።

“ሰው ዓይን አይሰጣትም” አልኳት። ተናድጄ ነበር። እናቴን ደግፌ መኪና አሳፈርኳት።

ጎንደር ሆስፒታል አንዲት የዓይን ዶክተር በመብራት ለረጅም ጊዜ አየቻት። ሌላ ዓይኑ የቀላ ሰው ቤት ውስጥ እንዳለ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

“የጀመራት ኮንጀንክቲቫይቲስ፣ የዓይን ሽፋን መቆጣት ነው። እሱ ይተላለፋል እንጂ ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይድናል። ኮርኒያዋን፣ ብሌኗን ከፊት የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን፣ ያቆሰለው የተጨመረባት ነገር ነው።”

ታያለች ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

“ቀኙ ደህና ይሆናል። ለግራው የምንችለውን እናደርጋለን” አለች።

አስተኝተው አንቲባዮቲክ ጠብታ በየሰዓቱ ያደርጉላት ነበር። ሕመሙ ቀስ በቀስ እየቀለላት፣ ነጠላዋን ከፊቷ እየገለጠች፣ በመጨረሻም መስኮቱን ክፈቱልኝ እስከማለት ደረሰች፤ ቀኙም ጠራ። በግራው ግን ነጭ ጠባሳ ቀረ። በእሱ ጥላ እንጂ ፊት አትለይም። አክስቴና አያ ፈንቴ ዓይናቸው ውስጥ ምንም ሳይጨምሩ፣ ፎጣቸውን ለይተው፣ ከሰው ጋር መሳሳም ትተው፣ ጤና ጣቢያ የታዘዘላቸውን ተጠቅመው ድነዋል። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

እንደኛ ለገጠማችሁ የምለው ይህን ነው። ለቅሶ ቤትም ቢሆን ዓይናር ያለበትን ዓይን እንባ ነው ብላችሁ አትለፉት። በንጹሕ ውኃ እጠቡት፤ ዓይን የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ፎጣና ትራስ ለየብቻ ይሁን። ቅጠልም ሆነ የጡት ወተት፣ ከጎረቤት የተረፈ ጠብታም ቢሆን፣ አትጨምሩ። ካመመ፣ ብርሃን ካስጠላ፣ እይታ ከደበዘዘ ደግሞ ለነገ ሳትሉ ሐኪም ቤት ሂዱ። ሐዘኑ ይጠብቃችኋል።

ዶክተሯንና ጠብታውን ያለመሰልቸት ያደረጉላትን ነርሶች አመሰግናለሁ። እናቴን ለአባቴ አርባ አድርሰውልኛል። የዚያን ዕለት አክስቴ መግባት አፍራ ደጅ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። እናቴ በቀኝ ዓይኗ አየቻት።

“እጅሽን ታጠቢና ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጭ” አለቻት።