የሳንጃዋ ድመትና የዐብዱልከሪም መሐላ

ዐብዱልከሪም ቀኑን ሙሉ ስለ ብርድ ሲያወራ ይውላል፤ እንጀራው ነው። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ካለችው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ሹራብ ለብሶ፣ በሹራቡ ላይ ጃኬት ደርቦ፣ አላፊ አግዳሚውን ይጠራል። «ኧረ የዘንድሮው ብርድ ጉድ ነው! ኧረ አጥንት ይገባል! እናቴ፣ ለልጆችሽ አታዝኝም? ነይ እስቲ ይቺን ዳብሻት!» ገዢዋ ብርድ ልብሱን ዳብሳ ሳትጨርስ እሱ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይንቀጠቀጥላታል። እንዴት አድርጎ እንደሚንቀጠቀጥ ያላየ ሰው አይገባውም። በሚያዝያ ፀሐይ፣ ሰው ጥላ ፍለጋ በሚሯሯጥበት ሰዓት እንኳ፣ ብርድ ልብስ ሸጦ የሚገባ ሰው ነው።

ታዲያ ይኸው ሰው አመሻሽ ላይ አዲስ ዓለም ካለው ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ሌላ ሰው ይሆናል። ሚስቱ ዙበይዳ «ዛሬስ በረደኝ» ያለች እንደሆነ፣ «የት አለ ብርድ?» ይላታል። «ይኼ ብርድ ነው? ብርድ ማለት ደባርቅ ነው። እኛ ልጆች ሳለን ጧት ስንነሣ የባልዲው ውኃ ድንጋይ ሆኖ በመጥረቢያ ነበር የምንፈልጠው። ጎንደርማ ቆላ ናት!» በተጋቡ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይኼን ሳይላት ያለፈ ታኅሣሥ የለም። ለዚህም ነው በብርድ ልብስ ነጋዴው ቤት፣ ወይ ጉድ፣ አልጋው ላይ ያለችው ብርድ ልብስ አንዲት ብቻ የሆነችው። እሷም ለሠርጋቸው የተገዛች ናት፤ መሐሏ ሳስቶ ወደ መስኮት ቢይዟት ብርሃን ታሳልፋለች።

ሰውየውን እንዳናማው ደግሞ አንድ ነገር አለው፤ ቃሉ ቃል ነው። ገበያው ውስጥ «ዐብዱልከሪም ካለ አለ ነው» ይባላል። ሱፍ ነው ካለ ሱፍ ነው፣ አይለቅም ካለ አይለቅም። መሐላ ከአፉ አይወጣም፤ ከወጣ ግን መሬት አይወድቅም። ነገሩን ሁሉ ያበላሸውም ይኸው ነው።

ኅዳር ሲያልቅ፣ ሳንጃ የተዳረችው ልጃቸው ረውዳ ለእናቷ ድመት ላከች። ዝንጉርጉር፣ ቀጭን፣ ጆሮዋ ከራሷ የሚበልጥ ድመት። በካርቶን ሆና በሚኒባስ መጣች። ሳንጃ ሰው በጠራራው ግንባሩን ሲጠርግ የሚውልበት አገር ነው፤ ድመቷም ከተወለደች ጀምሮ ብርድ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። መናኸሪያው ላይ ካርቶኑ ሲከፈት አንገቷን አወጣች፣ የጎንደርን አየር አንዴ አሸተተች፣ ተመልሳ ካርቶኑ ውስጥ ገባች። ዙበይዳ ይኼን በዓይኗ አይታለች። ስም እንኳ ሳታወጣላት «ውሮ» እያለች አቅፋ ቤት አስገባቻት።

«ቤት ውስጥ ነው የምታድረው፤ የቆላ ልጅ ናት» አለች።

«ድመት? ቤት ውስጥ?» አለ ዐብዱልከሪም። «ድመት ልብሷን ለብሳ ነው የተወለደችው። የደባርቅ ድመት ውርጭ ላይ ቁጭ ብላ አይጥ ትጠብቃለች።»

«እንግዲያው ደባርቅ ሂድና የደባርቅ ድመት አምጣ። ይቺ የሳንጃ ናት።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ እሱ ያስወጣል፣ እሷ ታስገባለች። እሱ ማታ በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ለሱብሂ ሶላት ሲነሣ ድመቷን እግሩ ሥር ያገኛታል። ማን አስገባት? ዙበይዳ ተኝታለች። ዙበይዳ ምንም አታውቅም።

በታኅሣሥ አጋማሽ፣ አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ነው። ጎረቤታቸው አያ ሐብተ ማርያም፣ የሰፈሩ እድር ዳኛ፣ የተዋሱትን መሰላል ሊመልሱ በትከሻቸው ተሸክመው በሩ ላይ ቆመዋል። ዐብዱልከሪም ጋደም ልበል ብሎ ወደ አልጋው ሲዞር ድመቷ ትራሱ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ደሙ ፈላ። እጁን ወደ ጣራው አነሣና፣ «ወላሂ! ይቺ ድመት ከዚህ ጣራ ሥር ካደረች እኔ አላድርም!» አለ።

አያ ሐብተ ማርያም መሰላሉን ያውርዱት ወይስ ይዘውት ይመለሱ፣ ግራ ገባቸው።

«አያ ሐብተ ማርያም፣ ሰሙ አይደል?» አለች ዙበይዳ።

«ሰማሁ። ምነው ባልሰማሁ!»

ዙበይዳ አልጮኸች፣ አልተቆጣች። ድመቷን ከትራሱ አንሥታ አልጋው መሐል ላይ አደላድላ አስቀመጠቻት። ከዚያ ለእንግዳ የሚነጠፈውን ፍራሽ ጠቅልላ ለባሏ አስታቀፈችው። «እንግዲህ ቃልህን አክብር» አለችው። «ብርድ ልብስ ልስጥህ?»

ዐብዱልከሪም አፉ «አዎ» ሊል ነበር። መልሶ ዋጠው። «የምን ብርድ ልብስ? የት አለ ብርድ?» አለና ጋቢውን ብቻ ይዞ ወጣ።

«በረንዳው ላይ ተኛ እንጂ» አሉት አያ ሐብተ ማርያም፣ አዝነውለት።

«በረንዳውም ከጣራው ሥር ነው። እኔ በቃሌ አልቀልድም።» ቆርቆሮው እስከየት ድረስ እንደሚደርስ ሽቅብ አየ፣ ወደ ግቢው አምስት እርምጃ ሄደ፣ ፍራሹን ከኮኩ ዛፍ ሥር ዘረጋ። የተዋሱትን መሰላል የመለሱት አያ ሐብተ ማርያም ይኼን አይተው ወደ ቤታቸው ሲገቡ ለሚስታቸው ምን ብለው እንደሚያወሩ አጡ።

ያቺን ሌሊት እንዴት እንዳደረ ራሱ ዐብዱልከሪም እስከ ዛሬ አይናገርም። ሊነጋጋ ሲል ብቻ ሆዱ አካባቢ ሞቅ አለው። ጋቢውን ገለጥ ሲያደርግ ድመቷ ናት። ዐብዱልከሪም ወፍራም ሰው ነው፤ ለካ ያቺ የቆላ ልጅ ትፈልግ የነበረው አልጋውንም ቤቱንም ሳይሆን የሱን ሆድ ኖሯል። በመስኮት ወጥታ ተከትላው መጥታለች።

ፊቱ በራ። ዘሎ ተነሣና በሩን አንኳኳ። «ዙበይዳ! ድመቷ ውጭ ነው ያደረች! ስለዚህ ዛሬ እኔ ቤቴ አድራለሁ።»

«እደር፤ ማን ከለከለህ?»

ማታ አልጋው ላይ ወጣ። ድመቷ ተከትላው ወጣች። ማለ አይደል? ጋቢውን አንሥቶ ወደ ኮኩ ዛፍ ሄደ። ድመቷም ወደ ኮኩ ዛፍ ሄደች። እንግዲያው ቤቱ ከድመት ነጻ ነው ብሎ ተመለሰ። ድመቷም ተመለሰች። በሩን ቢዘጋባት በመስኮት ትገባለች፤ መስኮቱን ቢዘጋው ሰፈሩ እስኪነሣ ትጮሃለችና ዙበይዳ ትከፍትላታለች። እንዲህ ሲወጡና ሲገቡ፣ ሲገቡና ሲወጡ አራት ቀን ሆነ። ሰውየው ከጣራ ሥር አላደረም፤ ድመቷም ከሰውየው አልተለየችም፤ አልጋው ላይ የምታድረው ዙበይዳ ብቻዋን ነበረች።

ወሬው ከሱ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ረውዳ ከሳንጃ ደወለች። «አባዬ፣ ከዛፍ ሥር ታድራለህ የሚሉት እውነት ነው? እኛ እዚህ በሙቀት አለቅን፤ ምነው እዚህ መጥተህ ብታድር?» አለችው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው። በማግሥቱ ደግሞ ከትክል ድንጋይ ከተማ የመጣች አንዲት ሴት ብርድ ልብስ ዳብሳ ዳብሳ ስታበቃ ቀና አለችና፣ «አያ፣ ያለ ብርድ ልብስ ውጭ የሚያድሩት እርስዎ ነዎት አሉ። ብርድ የለም ይላሉ አሉ። እንግዲያው እኔ ለምን እገዛለሁ?» አለችው።

ዐብዱልከሪም አፉን ከፈተ። «ብርድ አለ» ካለ ዙበይዳ ረታች። «ብርድ የለም» ካለ ሱቁን መዝጋት ነው። በዚህ መሐል አስነጠሰው፤ ደጋግሞ አስነጠሰው። ሴትዮዋ «ይማርዎ» ብላ ሳትገዛ ሄደች።

በአምስተኛው ቀን ሽማግሌ ተቀመጠ። አያ ሐብተ ማርያም የመሐላው ምስክር ስለሆኑ፣ ሼህ ኡዘይር መሐላውን ይፈቱት እንደሆነ፣ ዶክተር እንኳየሁ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የምታስተምር የሰፈር ልጅ ስለሆነች ስለ ድመቷ እንድትናገር ተጠሩ። ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ ወንበር ያዙ። ዐብዱልከሪም ከጣራው ውጭ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ፤ ድመቷ ቤት ውስጥ ነበረችና። ማደርና መቀመጥ ይለያያል ቢሉትም አልሰማም።

«ድመት በብርድ ውጭ ማደር ትችላለች?» ብለው አያ ሐብተ ማርያም ዶክተሯን ጠየቁ።

«ከነፋስ የተከለለ ደረቅ ቦታ ካላት፣ በደንብ ከበላች፣ ትችላለች» አለች ዶክተር እንኳየሁ። ዐብዱልከሪም ደረቱን ነፋ። «ግን ይቺ ከቆላ ስለመጣች እስክትለምድ ቤት ብትሆን ይሻላል።» ዙበይዳ ራሷን ነቀነቀች። «እውነቱን ለመናገር ግን እኔ ለድመቷ አልሰጋም። የምሰጋው ለእሳቸው ነው። ከንፈራቸውን እዩት። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ለእሳቸው ምንም ማድረግ አልችልም።»

ሼህ ኡዘይር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ዐብዱልከሪም፣ ይኼ እኮ ቀላል ነው። ሰው ምሎ ሳለ የተሻለ ነገር ካየ የተሻለውን ይሠራል። ለመሐላህ ዐሥር ድሃ አብላ፣ ወይም ዐሥር ድሃ አልብስና ቤትህ ግባ።»

«ቃሌን አላጥፍም» አለ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። «ዛሬ ለድመት ቃሌን ካጠፍሁ ነገ ገበያው ምን ብሎ ያምነኛል?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ይኼ ሰው ድርቅ አለ ማለት ነው። ወደ ዙበይዳ ዞሩና፣ «እስቲ አንቺ ለድመቷ ሸጋ ሳጥን ሥሪላትና በረንዳ ትደር። አንቺ ተሸነፊ» አሏት።

«ውጭም ትደር» አለች ዙበይዳ። «እኔ ስለ ድመት አልተጣላሁም።»

«ታዲያ ስለ ምን ነው?»

ዙበይዳ ሻሿን አስተካከለች። ወደ ባሏ አላየችም። «ረውዳን የወለድሁ ጊዜ ታኅሣሥ ነበር። አራስ ነኝ። ‹በርዶኛል፣ ከሱቅ አንድ ብርድ ልብስ አምጣልኝ› አልሁት። ‹የት አለ ብርድ?› አለኝ። ልጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ በሷ ሙቀት ከረምሁ። ከዚያ ወዲህ ልብስ ጠይቄው አላውቅም። ለገበያው ሰው ሁሉ ይበርደዋል ይንቀጠቀጥለታል፤ ለኔ ግን ብርድ የለም። ድመቷ ወደ ካርቶኗ ስትመለስ ሳያት፣ እኔን የመሰለ አንድ ፍጡር አገኘሁ አልሁ። ሌላ አልፈልግም። በርዶኝ እንደነበር ይመነኝ።»

አያ ሐብተ ማርያም መሬት መሬቱን ያያሉ። ዐብዱልከሪም ከኮኩ ዛፍ ሥር አንገቱን ደፍቶ ቀረ፤ ሽማግሌው ሲበተን እንኳ ቀና ብሎ አልተሰናበተም። ያን ቀን ማታም እዚያው አደረ። ድመቷ ስትመጣ ጋቢውን ራሱ ገለጠላት።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር፤ የገበያ ቀን። ጎረቤት ነጋዴዎችን ሆኖ የማያውቅ ነገር ገረማቸው፤ ዐብዱልከሪም ገበያው ደምቆ ሳለ ሱቁን ዘጋ። ከመደርደሪያው ላይ፣ ለማንም በቀላሉ የማያወርዳቸውን ወፍራሞቹን ብርድ ልብሶች መርጦ አወረደ። ባጃጅ ጠርቶ፣ እስከ ጣራዋ ድረስ ጠቅጥቆ፣ ራሱ ከሹፌሩ ጎን በግማሽ ጎኑ ተሰቅሎ መስጊዱ በር ላይ ወረደ። ሼህ ኡዘይር ወጡ። ከበሩ ከተቀመጡት ችግረኞች ለዐሥሩ አንድ አንድ ሰጠ። ሲሰጥ አልተንቀጠቀጠም፣ አልለፈለፈም።

«አላህ ይቀበልህ፤ መሐላህ ወርዷል» አሉት ሼህ ኡዘይር። ከዚያ ወደ ባጃጇ አዩ። «ዐሥር ነበር ያልሁህ፤ አንድ ትርፍ አምጥተሃል።»

«ትርፍ አይደለም ሼህ። እሷ ከመሐላው ውጭ ናት። ቤቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የበረዳት ሰው አለች።»

ቤት ሲደርስ ዙበይዳ ምስር ትለቅማለች። ምንም ሳይላት አልፎ፣ ያችን ብርሃን የምታሳልፈውን ልብስ አንሥቶ፣ ወፍራሙን አልጋው ላይ አነጠፈው። ጥግ ጥጉን አስተካከለ። ሥራው ነውና ጥሩ አድርጎ አነጠፈው። ከዚያ በሩ ላይ ቆመ።

«በርዶሽ ነበር» አላት።

ዙበይዳ ምስሩን መልቀሟን አልተወችም፤ ግን እንባዋ ሰፌዱ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር።

ያን ቀን ማታ ሦስቱም ከአንድ ጣራ ሥር ጋደም አሉ፤ ድመቷ በመሐል። መብራቱን ካጠፉ ብዙም ሳይቆዩ ዙበይዳ ተገላበጠች፣ ደግማ ተገላበጠች።

«ዐብዱልከሪም።»

«አቤት።»

«ሞቀኝ። እስቲ መስኮቱን ክፈተው።»

ዐብዱልከሪም «የት አለ ሙቀት?» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው፣ ተነሣ፣ መስኮቱን ከፈተ። ድመቷ በትከሻው ላይ ተንጠላጥላ ዘለለችና ግቢው ውስጥ ተረስቶ በቀረው ፍራሽ ላይ፣ ከኮኩ ዛፍ ሥር፣ ተጠቅልላ ተኛች። «ውጭ ናት» አላት ለሚስቱ። «ትሁን፣ ከለመደች» አለችው ዙበይዳ፣ እሱም ተመልሶ ከአጠገቧ ተኛ።