ሸዋረጋ የተወችው ቤት

ከየካ በላይ፣ ቀበና ወንዝ ከሚነሣበት የእንጦጦ ሸንተረር ላይ ገረሱ የሚባል ቤት ሠሪ ነበረ። ቤት ይሠራል፣ ቤት ያፈርሳል፣ ቤት ይገምታል። ሰው ቤቱን ሊሸጥ ወይም ሊለውጥ ሲያስብ ገረሱን ያስጠራዋል። እሱም መጥረቢያውንና ወስፌውን ይዞ ይሄዳል፤ ምሰሶውን በመጥረቢያው ዐናት መታ መታ አድርጎ ጆሮውን ይሰጣል፣ ከመሬት የሚገባበትን በወስፌ ይወጋል፣ ክዳኑን ቀና ብሎ ያያል። ከዚያ በኋላ በሚናገረው ቃል ላይ የሚጨምርም የሚቀንስም አልነበረም። በሥራው የታመነ ሰው ነው። ለሌላው ጠባዩ ግን አልምልለትም።

የገረሱ በሽታ ቅናት ነበር። እንደ ሌላው ባል በጎረምሳ ቢቀና ደግ ነበር፤ ጎረምሳ በዱላ ይባረራል። እሱ የሚቀናው በቤት ነው። ሚስቱ ሸዋረጋ እሱን ከማግባቷ በፊት የዱጋሳ ሚስት ነበረች። ዱጋሳ የአንድ መኰንን አሽከር ሲሆን ቤቱም ከገረሱ ቤት ከፍ ብሎ፣ ሰው ቢጣራ ከሚሰማበት ቦታ ላይ ነው። እሷና ዱጋሳ አዲስ ተጋቢዎች ሳሉ ያንን ቤት አብረው ሠሩት፤ ጭቃውን በእግሯ የረገጠችው፣ ማገሩ የታሰረበትን ልጥ የላጠችው እሷ ናት። ኋላ ከአማቷ ጋር አልስማማ አለችና ተፋታች። ቤቱ ግን ከአፏ አልወጣም።

የገረሱ ጣራ ጠብ ጠብ ሲል፣ «እዚያ ቤት አንድ ቀን አፍስሶ አያውቅም» ትላለች። ጭስ ዓይኗን ሲያቃጥላት፣ «የዚያ ቤት ጭስ መውጫውን ያውቅ ነበር» ትላለች። ገረሱ ሲቆጣ ደግሞ ትገረማለች፦

«የተውኩት ሰውየውን ነው። ቤቱ ምን አጠፋ?»

ይህ ለሌላ ሰው ተራ ወሬ ነው፤ ለቤት ሠሪ ግን ስድብ ነው። ገረሱ ለእሷ ሲል ጎጆውን አፍርሶ እንደገና ሠራ። ያኔ ጫካው ገና አልተመናመነም ነበርና ከዱጋሳ ምሰሶ በውፍረት የሚበልጥ ጥድ ፈልጎ በበሬ አስጎትቶ አመጣ። ተክሎት ሲያበቃ ጠራትና አሳያት። ሸዋረጋ ዞር ዞር ብላ አየችው።

«ደግ ነው» አለች። «የዚያኛው ግን ቀጥ ያለ ነበር» ብላ ጨመረችበት። ገረሱ የዚያን ዕለት እራት አልበላም።

ኋላ ቤተ መንግሥቱ ከተራራው ወደ ፍልውሃው መውረድ ሲጀምር መኳንንቱም አሽከሮቻቸውን አስከትለው ይወርዱ ጀመር። በሸንተረሩ ላይ ቤቱን የሚሸጥና የሚለውጥ በዛ። ዱጋሳም ጌታውን ተከትሎ ሊወርድ ሆነ፤ ቤቱን ለቄስ ወልደ ሐዋርያት ሰጥቶ በምትኩ ቄሱ ከፍልውሃው አጠገብ ያላቸውን ቦታ ሊወስድ ተስማማ። የቀረው ግምት ነው። ቄሱ «ገረሱ ያላየውን ቤት አልቀበልም» ስላሉ ተላከበት።

«ሂድ እንጂ» አለችው ሸዋረጋ። «መቼም እንዲያ ያለ ቤት ገምተህ አታውቅም።»

ፊቷን አየው፤ ፈገግ ብላለች። መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ዳገቱን ሲወጣ አንድ ነገር ብቻ ያሰላስል ነበር፦ ያ ቤት በሽማግሌ ፊት የበሰበሰ ነው ቢባል፣ ከሚስቴ አፍ ለዘለዓለም ይወጣል።

ከደጃፉ ላይ ዱጋሳ፣ ቄሱና ለምስክርነት የተጠሩት ሽማግሌ አባ ፈዬራ ጠበቁት። ገረሱ ሰላምታውን አሳጥሮ ገባ። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ዞረ፤ ስንጥቅ የለውም። ማገሩን ነቀነቀው፤ አልተነቃነቀም። ክዳኑን አየ፤ የብዙ ዓመት ጭስ ጠጥቶ ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ አጣበት። ቤቱ ያምራል፤ ገረሱን ያበሳጨው ይኸው ነው። የሰው ሥራ መልካም መሆኑን ከሌላው ይልቅ የሚያውቀው ባለ ሙያ ነውና የሚቃጠለውም እሱ ነው።

ወደ ምሰሶው ሄዶ በመጥረቢያው ዐናት መታው። ምሰሶው ጥርት ብሎ ጮኸ። እዚህ ላይ ነገሩ ማለቅ ነበረበት። ግን ገረሱ ጎንበስ ሲል፣ ከምሰሶው ላይ በተቀመጠ ሰው ትከሻ ቁመት አንድ የለሰለሰ፣ በቅቤ የታሸ የሚመስል ቦታ አየ።

«ይህን ምን ነካው?» አለ።

ዱጋሳ ሳቀ። ክፋት የለበትም፤ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። «እሱማ የሸዋረጋ ጀርባ ነው። እዚያ ተደግፋ ነበር የምትፈትለው። ሌላ መቀመጫ ብትሰጣትም እንቢ ነው የምትለው።»

ሸዋረጋ በገረሱ ቤት ምሰሶ ተደግፋ አታውቅም። የምትፈትለው ከበሩ ጥግ፣ ግድግዳ ይዛ ነው። ያ ከጫካው ልብ በበሬ አስጎትቶ ያመጣው ጥድ ጀርባዋን አላየም። ገረሱ ምሰሶውን እንደገና መታው፤ ጥርት አለ። ወዲያ ዞሮ መታው፤ ጥርት አለ። እየደጋገመ መታው፤ ሰው ልቡ ያመረረበትን ነገር አብዝቶ ካዳመጠ የፈለገውን መስማቱ አይቀርምና በመጨረሻ ሰማ።

«ባዶ ነው» አለ ቀና ብሎ። «ልቡን ነቀዝ በልቶታል።»

ቄሱ አማተቡ። የዱጋሳ ሳቅ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ገረሱ ዱጋሳ ስለሚቸኩል ክርክር አይገጥመኝም ብሎ ነበር የገመተው። ሰውን ሲገምት ግን እንደ ቤት አይሆንለትም።

«ይከፈት!» አለ ዱጋሳ።

የዚያ ሸንተረር ቤት ሠሪዎች ደንብ ነበራቸው። ገማች ምሰሶ ነቅፎ ባለቤቱ አልቀበልም ካለ፣ ገማቹ በገዛ መጥረቢያው ምሰሶውን እስከ ልቡ ይከፍተዋል። በስብሶ ከተገኘ ባለቤቱ አፉን ይዞ ይቀመጣል። ደህና ከተገኘ ግን የነቀፈው ሰው እኩያውን ምሰሶ አምጥቶ ይተክላል፤ እስከ ልቡ የተቆረጠ ምሰሶ ጣራ አይሸከምምና። በዚህ ደንብ ምክንያት ገማቾች ምሰሶ ከመንቀፋቸው በፊት አብዝተው ያስቡ ነበር።

አባ ፈዬራ የገረሱን ክንድ ያዙት። «ስማኝ ልጄ። ቃልህን ማንሣት ትችላለህ። ጆሮ ይሳሳታል፤ ማንም አይፈርድብህም።»

ገረሱ ግን ዓይኑ ከዚያ ከለሰለሰው ቦታ አልተነቀለም። «አላነሣም፣ አባባ። አንቱም ቆመው ይዩ።»

«እንግዲያስ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ከሥሩ ክፈተው።»

ጣራው እንዳይወርድ በአራት በኩል ድጋፍ ቆመ። ገረሱ ከምሰሶው እግር ጀመረ። ገና ጥቂት እንደ መታ እንጨቱ ቀልቶ ታየ፤ ወደ ልቡ ሲደርስ ደግሞ ይብስ ቀላ። ዛሬ የተቆረጠ ይመስል የጥድ ሽታ ቤቱን ሞላው። አባ ፈዬራ እንዲያቆም እጃቸውን አነሡ። ገረሱ አላያቸውም። ቀና ብሎ መጥረቢያውን ከዚያ ከለሰለሰው ቦታ ላይ አሳረፈው። ደገመው። ስንጥሩ እየተስፈነጠረ ግድግዳውን መታው፤ እሱ ግን እያለከለከ መታ፤ የሚስቱ ጀርባ ያረፈበት ቦታ ጠፍቶ ቀይ እንጨት ብቻ እስኪቀር ድረስ መታ።

ያኔ ለሁሉም ነገሩ ገባቸው። ዱጋሳ ዓይኑን ወደ ደጅ መለሰ። ለገረሱ ይህ ከሳቁ ባሰበት።

«በቃህ ልጄ» አሉት አባ ፈዬራ ቀስ ብለው። «እዚያ ላይ ነቀዝ አይገባም።»

እኩያውን ምሰሶ ከየት ያመጣል? የቅርቡ ጥድ ለከተማው ቤትና ማገዶ ሆኖ አልቋል። ሩቅ ሄዶ እንዳይፈልግ ክረምቱ ደርሷል፣ ዱጋሳም ጌታው ጥሎት ሊወርድ ነው። በሸንተረሩ ላይ ለዚያ ቤት የሚመጥን ምሰሶ አንድ ብቻ ነበረ፤ እሱም የቆመው በገረሱ ቤት ውስጥ ነው።

ገረሱ ቁልቁል ወርዶ ለሸዋረጋ ነገራት። እንድትጮህበት ፈልጎ ነበር፤ ብትጮህ ይቀለው ነበር። ለምን እንዲህ አደረግህ ብትለው ደግሞ የሚመልስላትን በመንገድ ላይ አዘጋጅቶ መጥቶ ነበር።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አለች። እንዝርቷን አስቀመጠችና አሰብ አደረገች። «ለመሆኑ ክዳኑ አልተጎዳም?»

«የማን ክዳን?»

«የዚያ ቤት ነዋ።»

ገረሱ በማግሥቱ የገዛ ቤቱን ክዳን አወረደ፣ ወራጁን ፈታ፣ ምሰሶውን ነቀለ። ጎረቤት ተሰብስቦ ምሰሶውን በትከሻ ዳገቱን አወጣለት። ውፍረቱ በዛና ከጉድጓዱ አልገባ ስላለ ጠረበው፤ የዱጋሳ ምሰሶ ልክ እስኪሆን ድረስ አሳነሰው። ከዚያ አቀና፣ ተከለ፣ ደለደለ። በምላሱ ቢዋሽም በእጁ አልዋሸም፤ ምሰሶው ቀጥ ብሎ ቆመ። ዱጋሳ ዕቃውን ጭኖ አዲሲቱን ሚስቱን አስከትሎ ወረደ።

የገረሱ ቤት ከግድግዳ በቀር ምንም ስላልቀረለት ባልና ሚስቱ ከጎረቤት ተጠጉ። ቄስ ወልደ ሐዋርያት መጡና፣ «እኔ ከመስቀል በፊት አልገባበትም» አሉ። «እሳት የማይነድበት ቤት በክረምት ይሻግታል፤ አንተ ራስህ ታውቀዋለህ። ልጄ፣ ግቡና ክረምቱን እያሞቃችሁ አቆዩልኝ።»

ገረሱ «ምስጋናዬ ይድረስዎ አባቴ፣ ግን» ብሎ ሲጀምር ሸዋረጋ ቀደመችው፦

«እሺ አባቴ። እግዚአብሔር ይስጥልን።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ እየወረደ፣ ዕቃቸውን ይዘው ወጡ። እሷ ከፊት ቅልና እንዝርት ይዛለች፤ እሱ የመኝታውን ቆዳና ሰፌዱን ተሸክሞ ይከተላታል። ሰማዩ ከመጥቆሩ የተነሣ የቤቱ ውስጥ ምንም አይታይም። ሸዋረጋ ደጃፉ ላይ ስትደርስ አልቆመችም፣ ወደ ታችም አላየችም። እግሯን ከፍ አድርጋ ደፉን ተሻገረች፣ ከበሩ በላይ ያለው ጉበን እንዳይመታት በልኩ አጎነበሰች፣ ከጨለማው ውስጥ እጇን ወደ ግራ ዘርግታ ቅሏን ከኩላቡ ላይ ሰቀለች።

ገረሱ ያንን ደፍ በብርሃን እያየ ስንት ጊዜ ገብቶ ወጥቶበታል። አሁን ግን ዓይኑ እሷ ላይ ነበረና ደፉ እግሩን መታው፤ ከነሸክሙ በአፍጢሙ ተደፋ።

ሸዋረጋ ዞር አላለችም፤ ለእሳቱ ፍልጥ እየደረደረች ነበር።

«ደፉ ከፍ ያለ ነው» አለችው። «ትለምደዋለህ።»